ጥናቱ በተጠናበት ቀበሌ ይነበብ፦ ለአማራ ክልል ምክር ቤት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለአማራ ብሔራዊ ክልላዊ መንግሥት ምክር ቤት
ባሕር ዳር

ግልባጭ፦ ለደብረ ማርቆስ፣ ለባሕር ዳር እና ለእንጅባራ ዩኒቨርሲቲዎች፤ ለአማራ ክልል ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት

ጉዳዩ፦ የክልሉ ፖሊሲዎችና መመሪያዎች ከወገንተኝነት በጸዳና ሕዝብ በመከረበት ጥናት ላይ እንዲመሠረቱ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የምክር ቤቱ አባላት፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ የሥራ ዘመኔን በምሥራቅ ጎጃም ወረዳዎች በግብርና ባለሙያነት ያሳለፍኩና አሁን በጡረታ ደብረ ማርቆስ የምኖር ሰው ነኝ። የየትኛውም ፓርቲ አባል አይደለሁም፤ የማቀርበው ጥያቄም ዛሬ ወንበሩን ለያዘውም ሆነ ነገ ለሚይዘው እኩል የሚጠቅም ነው ብዬ አምናለሁ። የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ክልሉ የሕዝቡን ኑሮ የሚነካ አዋጅ፣ ደንብ ወይም መመሪያ ከማውጣቱ በፊት የተመሠረተበት ጥናት ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ ተዘጋጅቶ፣ ጥናቱ በተካሄደባቸው ቀበሌዎች ተነቦ፣ ሕዝቡ ያነሣው ሐሳብም በጽሑፍ መልስ አግኝቶ ወደ ጉባኤያችሁ እንዲቀርብ የሚያስገድድ የአሠራር ደንብ አውጡልን።

ወደዚህ ጥያቄ ያደረሰኝ አንድ ስብሰባ ነው። ከጮቄ ተራራ ግርጌ በምትገኝ አንዲት የደጋ ቀበሌ ስለ አሲዳማ አፈር ሕክምና ለማስረዳት ሕዝብ ሰብስበን ነበር። ነገሩን ለምታውቁት ማስታወስ ይሆንብኛል እንጂ፣ የደጋው ጎጃም አፈር ለብዙ ዘመን በከባድ ዝናብ እየታጠበ እንደ ካልሲየም ያሉ ንጥረ ነገሮቹን አጥቷል፤ አፈሩ ሲኮመጥጥ የአሉሚኒየም መርዝ የሰብሉን ሥር ያቀጭጨዋል፣ ገበሬው በብድር ገዝቶ የጨመረውን የማዳበሪያ ፎስፈረስም አፈሩ ይዞ ያስቀረዋል። በስናን፣ በማቻከል፣ በጎዛምን፣ ወደ አዊ ስንሻገርም በባንጃ፣ ትናንት ገብስና ስንዴ ይታፈስባቸው የነበሩ ማሳዎች ወደ እንግዶ (የአጃ ዓይነት ሰብል) እና ወደ ባሕር ዛፍ የዞሩበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። መድኃኒቱ የግብርና ኖራ ነው፤ መጠኑ እንደ አፈሩ ሁኔታ ቢለያይም በሄክታር 20፣ 30፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ኩንታል ይጠይቃል። እኛም መጠኑን፣ የሚገኘውን የምርት ጭማሪና ወጪውን አሳምረን አስረዳን።

ገለጻው ሲያልቅ ከኋላ የተቀመጡ አንዲት ባላቸው የሞቱባቸው እናት ተነሡና እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ኖራው መልካም እንደሆነ ሰምቻለሁ። መኪናው የሚያራግፈው ግን መንገድ ዳር ነው፤ የእኔ ማሳ ከወንዙ ማዶ ነው። አህያ የለኝም፣ ወንፈል ገብቼ ብድር የምመልስበት ጉልበትም የለኝም። ማን ያመላልስልኛል?»

መልስ አልነበረኝም። እዚያው ቆሜ በልቤ አሰላሁት፤ ማሳቸው ግማሽ ሄክታር ቢሆንና 15 ኩንታል ቢያስፈልገው፣ አንዲት አህያ በአንድ ጊዜ ግማሽ ኩንታል ብትጭን፣ ወንዙን 30 ጊዜ መሻገር ያስፈልጋል ማለት ነው፤ ያውም ክረምቱ ከመግባቱ በፊት። በያዝነው ሰነድ ውስጥ ስለ አፈሩ ኮምጣጣነት፣ ስለ ምርቱና ስለ ዋጋው በቂ አኃዝ ነበረ፤ ኖራውን ተሸክሞ ማሳ ስለሚያደርሰው ሰው ግን አንድ ዓረፍተ ነገር አልነበረም። ጥናቱን ያዘጋጁት ሰዎች ሰነፎች ወይም ግድ የለሾች ስለነበሩ አይደለም። ጥያቄውን የምታውቀው ተሸካሚዋ ስለነበረችና ጥናቱ ተጽፎ፣ ጸድቆ፣ ወደ ኮታ ተመንዝሮ እስኪያልቅ ድረስ እርሷ ዘንድ ስላልደረሰ ነው። ተመራማሪዎች ኖራን በማሳው ሁሉ ከመበተን ይልቅ በአነስተኛ መጠን በመስመር ከዘሩ ጋር የመጨመርን ዘዴ መሞከራቸውን ከጊዜ በኋላ ሳነብ የመጀመሪያ ሐሳቤ ወደዚያች እናት ሄደ። የእርሷ ጥያቄ በመጀመሪያው ዓመት ቢመዘገብ ኖሮ ስንት የምርት ዘመን እናተርፍ ነበር?

የጎጃም ታሪክ በዚህ ጉዳይ ብዙ የሚያስተምረን ነገር አለው። በ1960 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት አሥራትን አስቀርቶ በእርሻ ገቢ ላይ የተመሠረተ ግብር ሲያውጅ፣ በወረቀት ላይ ሲታይ ሕጉ ብዙ የሚያመርተው ብዙ እንዲከፍል የሚል ነበር፤ ትንሽ ማሳ ያለውን ገበሬ ይጎዳል ተብሎ የታሰበም አልነበረም። ነገር ግን ለሞጣ፣ ለቢቸናና ለዳሞት ገበሬ ሕጉ ምን እንደሚል ተቀምጦ ያስረዳው፣ ምን እንደሚያስፈራውም የጠየቀው አልነበረም። ገበሬው ያየው ገማቾች ወደ ማሳው ሲመጡ ነው፤ ግምት ማለት ለእርሱ ቀላድ፣ ማለትም መሬትን በገመድ መለካት ነበር፣ ቀላድ ደግሞ በሌላ አገር እንደሰማው ርስትን መነጠቅ። በዚህም ምክንያት ሸፈተ። ጦር ተላከ፣ የሰው ሕይወት ጠፋ፣ መንደር ተቃጠለ፤ በመጨረሻም መንግሥት አገረ ገዢውን አንሥቶ፣ ግብሩን በጎጃም ላይ ሳያስፈጽም ወደኋላ ተመለሰ። ያ ሁሉ ደም ከመፍሰሱ በፊት ሊነገርና ሊደመጥ ይችል የነበረ ነገር ነበር።

ከዚያ 35 ዓመት በኋላ፣ በ1995 ዓ.ም.፣ በዚያው በጎጃም መሬት ተለካ፤ ገበሬውም ገመዱን አብሮ ያዘ። በክልላችን የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ሥራ ለሙከራ ከተጀመረባቸው ሁለት ቀበሌዎች አንዷ በጎዛምን ወረዳ የምትገኘው አዲስና ጉሊት ነበረች፤ ሁለተኛዋ በደቡብ ወሎ ገራዶ ናት። ሥራውን ያከናወነው ሕዝቡ ራሱ በየጎጡ የመረጠው የመሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ኮሚቴ ነው። ድንበር የሚለየው ጎረቤት በቆመበት ነበር፤ የተመዘገበው ዝርዝር በሕዝብ ፊት ይነበባል፣ ቅር ያለው እዚያው አቤት ይላል። በይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ ላይ የባልም የሚስትም ስምና ፎቶግራፍ ሲወጣ፣ በፍቺ ጊዜ ባዶ እጇን ትወጣ የነበረች ሴት በእጇ የሚያዝ ማስረጃ አገኘች። ያው ሕዝብ ነው፣ ያው መሬት ነው፤ ለመለካት ለአሥርት ዓመታት እምቢ ያለው ገበሬ ማን እንደሚለካውና ለምን እንደሚለካው ሲያውቅ ራሱ ለካው። እርግጥ ነው ሥራው ያለ እንከን አልነበረም፤ ጉልበተኛ ድንበር የገፋባቸው፣ አቤቱታቸው በፍርድ ቤት ዓመታት የፈጀባቸው ሰዎች አውቃለሁ። ግን ሽፍትነት አልነበረም።

ስለዚሁ ሥራ የተደረገው ጥናትም እኔ «ከወገንተኝነት የጸዳ» ለምለው ነገር ጥሩ ምሳሌ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የዓለም ባንክ ተመራማሪዎች በምሥራቅ ጎጃም ያሉ ቤተሰቦችን በተለያዩ ዓመታት ደጋግመው እየጠየቁ፣ ደብተር የደረሰባቸውን ቀበሌዎች ገና ካልደረሰባቸው ጋር አነጻጸሩ። ያገኙት ውጤት ደብተሩ የገበሬውን የይዞታ ዋስትና እንዳጠናከረ፣ በእርከንና በአፈር ጥበቃ ላይ የሚያፈሰውን ጉልበት እንደጨመረ፣ መሬት ማከራየትንም እንዳበረታታ ያሳያል። ውጤቱ በ2011 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በእንግሊዝኛ ታተመ። ጥናቱ የተሠራው በእኛ ገበሬዎች መልስ ነው፤ እነዚያ ገበሬዎች ግን፣ እኔ ባገለገልኩባቸው አካባቢዎች ካገኘኋቸው መካከል፣ መልሳቸው ምን እንዳሳየ የተነገረው አንድ ሰው አላጋጠመኝም። ይህን ስናገር ተመራማሪዎቹን ለመውቀስ አይደለም፤ ውጤቱን ወደ ባለቤቱ የሚመልስ ግዴታም ሆነ በጀት ማንም አላስቀመጠም።

በተቃራኒው ደግሞ የ1989ኙን የመሬት ሽግሽግ አስታውሱ። ሽግሽጉ መሬት ላጡ ብዙ ወጣቶችና ሴቶች መሬት እንደሰጠ የማይካድ ነው። ነገር ግን ሰዎችን «ቢሮክራት» እና «ቅሪተ ፊውዳል» በሚል ስም ለይቶ ከሌላው ያነሰ ይዞታ እንዲኖራቸው አደረገ፤ አንድ ሰው ማሳው የሚለካው በቤተሰቡ ብዛት ወይም በጉልበቱ ሳይሆን በቀደመው ሥርዓት በያዘው ቦታ ሆነ። ለዚህ ነው ጥናት ከወገን የጸዳ ይሁን ብዬ አጥብቄ የምለምነው። ጥናት ሰውን በፖለቲካ ስም መድቦ ከጀመረ፣ ቁጥሩ ምንም ያህል ትክክል ቢሆን፣ የሚጨምረው ቂም ነው። ከወገን የጸዳ ጥናት ስል አቋም የሌለው ጥናት ማለቴ አይደለም፤ ጥያቄው ውጤቱ ከመታወቁ በፊት የተጻፈ፣ ገንዘቡን ማን እንደሰጠ የተገለጸ፣ ያዘዘውን ቢሮ የማያስደስት ውጤት ቢገኝም የማይታፈን፣ ሌላ ተመራማሪ መረጃውን አይቶ ሊመረምረው የሚችል ማለቴ ነው።

አንዳንዴ ደግሞ ገበሬው ከጥናቱም ከመመሪያውም ቀድሞ ይገኛል። በአዊ፣ በተለይ በፋግታ ለኮማ፣ አርሶ አደሩ የደከመ መሬቱን ዲከረንስ በተባለው የግራር ዓይነት ዛፍ ሸፈነው። በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መካከል ጤፍ ይዘራል፣ ከዚያ ሣር ያጭዳል፣ ከ4 ወይም ከ5 ዓመት በኋላ ዛፉን ቆርጦ ከሰል ያከስላል፣ ከሰል የተከሰለበት መሬትም መልሶ ጤፍ ያበቅላል። ይህን ሥርዓት ከቢሮ ወርዶ ያዘዘው የለም፤ ምሁራን የመጡት ተራራው አረንጓዴ ከሆነ በኋላ ነው። ይሁን እንጂ በቅርብ ዓመታት የቅጠል ዝገት በሽታ በዛፉ ላይ ሲወርድ፣ ኑሮውን በአንድ ዛፍ ላይ የጣለው ቤተሰብ ምን ይተካ እንደሆነ የሚነግረው አጥቶ ቆየ። የገበሬው ፈጠራና የተመራማሪው ማስጠንቀቂያ አስቀድመው በአንድ መድረክ ቢገናኙ ኖሮ፣ አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ መትከል አደጋ እንዳለው ቢያንስ ውይይት ይደረግበት ነበር። አበው «ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» የሚሉት ያለ ምክንያት አይደለም፤ በዚያ አገር የሚደረገው ውይይትም በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በአዊኛ መሆን አለበት።

የተከበራችሁ አባላት፣ ሕጉ ከእኛ ጋር ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው፣ በአንቀጽ 89 መንግሥት የልማት ፖሊሲ ሲነድፍ ሕዝቡን በየደረጃው ማሳተፍ እንዳለበት ይደነግጋል። የመረጃ ነጻነትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንም ሰው በመንግሥት እጅ ያለ መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው አውቋል። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ቀድሞ በአዋጅ ቁጥር 621/2001 ታስረው የነበሩት የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች በፖሊሲና በመብት ጉዳዮች ላይ እንዲሠሩ በሩን ከፍቷል። ከሁሉም በላይ ደግሞ የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የፌዴራል ተቋማት መመሪያ ከማውጣታቸው በፊት ረቂቁን ለሕዝብ እንዲያሳውቁና አስተያየት እንዲቀበሉ አስገድዷል። ይህ አዋጅ የሚመለከተው የፌዴራል ተቋማትን ነው። የገበሬውን ቀን ከቀን ኑሮ የሚነኩት የመሬት፣ የደን፣ የውኃና የግብዓት መመሪያዎች ግን በአብዛኛው ከባሕር ዳር የሚወጡ በመሆናቸው፣ ተመሳሳይ ግዴታ በክልሉ ተቋማት ላይም በተግባር ሲፈጸም ማየት እንፈልጋለን።

«ሕዝብ እኮ እናወያያለን» የምትሉኝ አባላት እንደምትኖሩ አውቃለሁ። እውነት ነው፤ እኔም በእንደዚህ ዓይነት መድረኮች ብዙ ጊዜ ተቀምጫለሁ፣ አንዳንዶቹንም መርቻለሁ። ረቂቁ የሚታደለው በዚያው ጠዋት ነው፤ የሚጋበዙት በአብዛኛው እኛው ባለሙያዎችና የቀበሌ አመራሮች ነን፤ አንድ ሰው ከበድ ያለ ሐሳብ ሲያነሣ «በግብዓትነት እንወስደዋለን» ይባላል፤ ሐሳቡ ተወስዶ የት እንደደረሰ ግን ማንም አያውቅም። ይህን ቃል እኔም ብዙ ጊዜ ተናግሬዋለሁ፤ አሁን ሳስበው ይቆጨኛል። የተናገረ ሰው ሐሳቡ ተቀባይነት ባያገኝ እንኳ ለምን እንዳልተቀበላችሁት ማወቅ ይገባዋል። በ2015 የምርት ዘመን ማዳበሪያ በዘገየ ጊዜ የክልላችን አርሶ አደሮች ሥራቸውን ጥለው አደባባይ የወጡት የሚሰማቸው ሌላ ቦታ ስላላገኙ ነው ብዬ አምናለሁ።

በየቤቱ እየዞረ መረጃ የሚሰበስበው ወጣትም ሌላ ችግር አለበት። አንድ አባት መጠይቅ ይዞ የመጣን ተማሪ አስቀምጠው ጠላ ካቀረቡለት በኋላ «ባለፈው ዓመትም፣ ከዚያ በፊትም እንዳንተ ያለ መጥቶ በሬዎቼን ቆጥሮ ሄዷል፤ የቆጠራችሁት የት ደረሰ?» ሲሉት ሰምቻለሁ። ሰው መልሱ ወዴት እንደሚሄድ ካላወቀ በሬውን ይቀንሳል፣ የልጆቹን ቁጥር ይጨምራል፣ ወይም ደግሞ ዝም ይላል። እንዲህ በተዛባ መልስ ላይ የሚቆም ጥናት የቱንም ያህል ስሌቱ የረቀቀ ቢሆን ፖሊሲውን ያሳስታል። ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን በተከሰተው ግጭት ደግሞ ይህ ችግር ከብዷል፤ ቅጽ ይዞ ከመንደር መንደር የሚሄድ ሰው በየትኛውም ወገን ሊጠረጠር ይችላል፣ የሚመልስለት ሰውም እንዲሁ። ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፣ መንገድ ተቆርጦ ባለበት ጊዜ ስለ ጥናትና ስለ ውይይት ማንሣት ቅንጦት የሚመስለው ሰው ቢኖር አልፈርድበትም። እኔ ግን ከወገንተኝነት የጸዳ ጥናት ከምንጊዜውም በላይ የሚያስፈልገን አሁን ነው እላለሁ፤ ስንት ልጅ ከትምህርት እንደቀረ፣ ስንት ማሳ ጦም እንዳደረ፣ የቱ ጤና ጣቢያ መድኃኒት እንደሌለው በሁሉም ወገን የሚታመን ቁጥር ከሌለን፣ ሰላሙ ሲመጣ ከየት እንደምንጀምር እንኳ መስማማት አንችልም።

እንግዲህ ደንቡ ምን ምን እንዲይዝ እንደምሻ ልናገር። ከሁሉ አስቀድሞ የምመኘው አንብቦ የማስረዳት ግዴታ ነው፤ በክልሉ በጀት ወይም በክልሉ ፈቃድ የሚካሄድ ማንኛውም ጥናት፣ ከጥቂት ገጽ የማይበልጥ ቀላል የአማርኛ ማጠቃለያ፣ በአዊ ደግሞ የአዊኛ ማጠቃለያ ተዘጋጅቶለት፣ መረጃው በተሰበሰበባቸው ቀበሌዎች ሕዝብ በሚያመቸው ቀንና ቦታ እንዲነበብ። ማጠቃለያው በወረዳው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፉ መልካም ነው፣ ነገር ግን አይበቃም፤ ብዙዎቹ እናቶቻችንና አባቶቻችን ማንበብ አይችሉም፤ በእድር፣ በሰንበቴ፣ በማኅበር ሰው በሚሰበሰብበት ቦታ ጮክ ተብሎ ይነበብላቸው። የሴቶችን ሐሳብ ለብቻ የሚያዳምጥ ጊዜም ይኑር፤ ያች እናት በዚያን ቀን መናገራቸው ዕድል ነበር፣ ብዙዎች ወንድ በሞላበት ጉባኤ አይናገሩም።

ቀጥሎ፣ ረቂቅ ሕግ ወይም መመሪያ ወደ ቋሚ ኮሚቴ ሲመራ ጥናቱና ሕዝቡ ያነሣቸው ዋና ዋና ሐሳቦች ከነመልሳቸው አብረው ይምጡ፤ የማይቀበሉት ሐሳብ ካለ ምክንያቱ ይጻፍ። ጥናቱን የሚሠራው ተቋም፣ ዩኒቨርሲቲም ይሁን የምርምር ማዕከል፣ ውጤቱን ከማሳተም በፊት ከአስፈጻሚው ቢሮ ፈቃድ እንዳይጠይቅ የሚያደርግ ጥበቃ ይደረግለት። ክልሉ በአዴት የግብርና ምርምር ማዕከል፣ በደብረ ማርቆስ፣ በባሕር ዳርና በእንጅባራ ዩኒቨርሲቲዎች በቂ ምሁራን አሉት፤ የጎደለን የሚያጠና ሰው አይደለም። ወጪውም የሚያስፈራ አይደለም፤ በሆቴል አዳራሽ ለሚደረጉ መድረኮች ከሚወጣው የውሎ አበል ጥቂቱን ወደ ቀበሌ ማውረድ ብቻ ብዙ ይሠራል።

ደንቡ በአንድ ጊዜ በሁሉም ዘርፍ እንዲጀመር አልጠይቅም። የአሲዳማ አፈርን ጉዳይ ለመጀመሪያ ሙከራ ውሰዱት፤ ጥናቱ አለ፣ ችግሩን ገበሬው በዓይኑ ያየዋል፣ ፖለቲካም የለበትም። በምሥራቅ ጎጃምና በአዊ ጥቂት ቀበሌዎች ተመርጠው፣ እስካሁን ስለ ኖራ የተገኘው ውጤት ይነበብላቸው፤ ስለ ማጓጓዣው፣ ስለ ጉልበቱ፣ ስለ ዋጋውና አቅመ ደካሞች ስለሚረዱበት መንገድ የሚሉት ይመዝገብ፤ ከዚያም የሚቀጥለው ዓመት የኖራ ሥርጭት መመሪያ በዚያ ላይ ይጻፍ። አንባቢ ካስፈለጋችሁ እኔ አለሁ፤ መንገዱ ሰላም እስከሆነና ጉልበቴ እስከፈቀደ ድረስ ያለ ምንም አበል ሰነዱን ይዤ በመጀመሪያ የምሄደው ወደዚያችው ከጮቄ ግርጌ ወዳለችው ቀበሌ ይሆናል፤ ያ ጥያቄ አሁንም መልሱን ከእኔ እየጠበቀ ነውና።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

በጡረታ ላይ የሚገኝ የግብርና ባለሙያ
ደብረ ማርቆስ፣ ምሥራቅ ጎጃም